ሰደፉ ላይ ፊደል ያለበት ውጅግራ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ረጅም ጠመንጃ ገዛሁ። ሻጩ የፈረንሳይ ሥራ ነው፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው፣ ዓድዋ ላይ የዋለ ነው ብሎኛል። ሰደፉ ላይ ሦስት ፊደል፣ አንድ መስቀልና ፬፻፲፪ የሚል ቁጥር ተቀርጿል። አንገቱ ተሰንጥቆ በቆዳ ታስሯል። ብረቱ ዝጓል። ቆዳውን ፈትቼ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ ጎጃም ላለው አባቴ ልወስድለት አስቤያለሁ። እዚህ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁ አንድ አባት ነበሩ። የሁላችንም መጠየቂያ እሳቸው ነበሩ። አምና ዐረፉ። ቤታቸው እንሰበሰብ የነበርነውም ተበተንን። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

መልስ፦ መጀመሪያ ነፍስ ይማር። ስለ እሳቸው ወደ በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ግን እጅህን ሰብስብ። የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጠው። ቫርኒሹን ገዝተህ ከሆነ መልሰው፤ ደረሰኙ ከጠፋብህም ለጎረቤት በር ይሁን። እኔ ሙዚየም ውስጥ የብረት ዕቃ ስጠብቅ 26 ዓመት ኖሬያለሁ። በዝገት ከጠፋው ይልቅ በመልካም አሳቢ ሰው እጅ የጠፋው ይበዛል። ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። የብርጭቆ ወረቀት ያለው ሰው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣራ፦ ጎርሷል ወይስ አልጎረሰም? አትሳቅ። መቶ ዓመት የተቀመጠ ጠመንጃ ጥይት ይዞ ሲገኝ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ከቆየ አርጅቶ አይሞትም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር። በስተቀኝ የወጣውን እጀታ ወደ ላይ አንሳና ወደ ኋላ ሳበው። ካልተከፈተ በመዶሻ እንዳትነካው። ስስ ዘይት ጠብ አድርግበትና አሳድረው። በሁለተኛው ቀን እምቢ ካለ በሦስተኛው ይሞከራል። ሲከፈት በባትሪ ወደ ውስጥ እይ። ጥይት ካለበት አንተ አታውጣው፤ የጠመንጃ ጠጋኝ ጥራ። ባዶ ከሆነም ደስ ይበልህ እንጂ ጥይት ፈልገህ እንዳትተኩስበት። ደረት ላይ የሚፈነዳ ብረት ታሪክ መሆኑን አይቆጥርልህም።

እሺ፣ ምንድን ነው ያለህ? በላክልኝ ፎቶ ላይ እጀታው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ወጥቷል። ሆዱ ላይ የጥይት ሳጥን የለም። ቱቦው ወደ ሰደፉ ሲቀርብ ክብነቱ ቀርቶ ጠፍጠፍ ያለ ገጽ ያወጣል። ይሄ ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ይሉታል፤ የግራ ጠመንጃ ማለታቸው ነው። ባዚል ግራ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጣው ሞዴል ነው። የአገራችን ጆሮ «ፉዚ ግራ»ን ሰምቶ «ውጅግራ» አደረገው። ቆይቶማ ቃሉ ከዚህ ጠመንጃ አልፎ ላረጀ ጠመንጃ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ አያትህ ውጅግራ ነበራቸው የሚል ሰው ሁሉ የግራ ጠመንጃ ነበራቸው ማለቱ ላይሆን ይችላል።

የጠመንጃ ስሞቻችን ራሳቸው አንድ መዝገብ ናቸው። ምንሽር ማንሊከር ነው። ሰናድር ስናይደር ነው። ቤልጅግ ከቤልጂግ፣ ከአገሩ ስም የመጣ ነው። ፎካሪው የፈረንጅ ስም የሚጠራ አይመስለውም ነበር። እየጠራ ግን ነበር።

ወደ አንተ እንመለስ። ከመዝጊያው በስተግራ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ የፈረንሳይ ጽሕፈት ተቀርጿል። ሴንት ኤቲየን፣ ሻተልሮ ወይም ቱል የሚል ታገኛለህ። እነዚህ የመንግሥት ፋብሪካዎች ናቸው። ከሥሩ የሞዴሉ ዓመት አለ። «1874» ብቻ ከሆነ ከመጀመሪያው ግራ ሆኖ የተሠራ ነው። «1866-74» ካለ ደግሞ ቀድሞ ሻስፖ ነበር። ሻስፖ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት የሚጎርስ፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1870 ከፕሩሲያ ጋር የተዋጋችበት ጠመንጃ ነው። ግራ የዚያን ጠመንጃ መዝጊያና ጉሮሮ ለውጦ የናስ ቀለህ እንዲጎርስ አደረገው። አጠገቡ «ኤም 80» የሚል ምልክት ከታከለበት ከ1880 ወዲህ እንደገና ተሻሽሏል ማለት ነው። የግሪክ ፊደል ብታይም አትደንግጥ። ግሪክም ይሄንኑ ጠመንጃ ኦስትሪያ ውስጥ ሽታየር አሠርታለች።

አንድ ነገር ልብ በል። 1874 የሞዴሉ ዓመት ነው እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። የተሠራበትን ዓመት ቱቦው ሥር፣ ጠፍጠፍ ባለው ገጽ ላይ ፈልገው። ሳንጃው አብሮ ቢሸጥልህ ኖሮ ሥራው በቀለለልህ ነበር። የግራ ሳንጃ ጀርባው ሰፊ ነው፤ ስለቱን ከጫፍ ብታየው እንደ «ቲ» ፊደል ነው። በዚያ ጀርባ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ ተጽፏል። ወሩ ሳይቀር! ብረት ላይ የልደት የምስክር ወረቀት የሚጽፍ አገር ነው። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ሳንጃውን እንደ ማጭድና እንደ ጩቤ ሲገለገልበት ቆይቶ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ካገኘህ ግዛው።

ጠመንጃው 130 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትንሿ ጣት ልትገባ ምንም አይቀራት። አንድ ያጎርሳል፣ አንድ ይተኩሳል፣ ባዶውን ይተፋል፣ እንደገና ያጎርሳል። እርሳሱ 25 ግራም ነው፤ ከኋላው 5 ግራም ገደማ ጥቁር ባሩድ አለ። ሲተኮስ የሚወጣው ነጭ ጭስ ተኳሹን ይሸፍነዋል። መቶ ሰው አብሮ ሲተኩስ አስበው። በዚያ ዘመን ጦርነት «ጉም ወረደ» የሚባለው ለማሳመር ብቻ አይደለም።

እንዴት ወደ እኛ መጣ? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ጭስ። ፈረንሳይ ጭስ የሌለው ባሩድ አገኘችና እ.ኤ.አ. በ1886 ለበል የሚባለውን ጠመንጃ አወጣች። በአንድ ቀን የአውሮፓ መሣሪያ ሁሉ አሮጌ ሆነ። በመጋዘን የተከመረው ግራ ገዢ ያስፈልገው ጀመር። ምኒልክ ደግሞ ጠመንጃ የሚገዙ ንጉሥ ነበሩ። ያኔ በፈረንሳይ እጅ የነበሩት የኦቦክና የጅቡቲ ወደቦች ለፈረንሳይ ነጋዴ ቅርብ ነበሩ። እንደ ሸፍኔ ያሉ ነጋዴዎች ከዚህ ንግድ ብዙ ሠርተዋል። ገጣሚው ራምቦ ሳይቀር ከታጁራ ቅፍለት ጭኖ እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ገብቷል። እሱ ያመጣው ግን ግራ አልነበረም፤ ከጦር አገልግሎት ከተሰናበተ አርባ ዓመት የሞላው፣ ባሩዱን በምትለኩስ ትንሽ የብረት ቆብ የሚተኮስ አሮጌ ነፍጥ ነው። ቤልጂግ አገር ሊየዥ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኘው ሸዋ ሲደርስ ወደ 40 ፍራንክ እንደሚያወጣ ለቤተሰቡ ጽፏል። ራምቦ ግን ሰውዬው አጋሩ ሞቶበት፣ የሟቹ አበዳሪዎች ተሰልፈውበት፣ ያሰበውን ትርፍ ሳያይ ነው የተመለሰው። ደስ ብሎኛል አልልም።

ጠመንጃ በግዢ ብቻ አልመጣም። አፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብጽን ጦር ሲያሸንፉ የግብጾቹ ረሚንግተን ጠመንጃ ተማርኳል። ዛሬም የአረብ ጽሕፈት ያለበት ረሚንግተን ከኢትዮጵያ ሲወጣ ግራ የሚጋባ ሰብሳቢ አለ። ከዓድዋ ደግሞ የኢጣሊያኖቹ ቬተርሊ ጠመንጃ ተገኘ። ያን ጊዜ ኢጣሊያ ካርካኖ የሚባል አዲስ ጠመንጃ አውጥታ ነበር። ይሁን እንጂ ዓድዋ የመጡት አብዛኞቹ ወታደሮቿ የያዙት ያንን አሮጌውን ቬተርሊ ነው፤ ምክንያቱ የተከማቸው ጥይት እሱ ስለነበረ ነው። የበጀት ሰው ሁልጊዜ አለ።

አሁን የሚያስከፋህን ልንገርህ። «ዓድዋ ላይ የዋለ» የሚለውን ከአእምሮህ አውጣው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሺህ የሚቆጠር አሮጌ ጠመንጃ ከኢትዮጵያ ወጥቶ አሜሪካ ገብቷል። ግራ አለ፣ ቬተርሊ አለ፣ ረሚንግተን አለ፣ መውዘር አለ። ሻጩ ሁሉ «ዓድዋ» ይላል፤ ዋጋ ይጨምርለታላ። ጠመንጃው ከዓድዋ በፊት መሠራቱ ዓድዋ መዋሉን አያሳይም። ከዓድዋ በኋላም ግራ አገር ውስጥ ሲገባ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ እንደገና ስትመጣ ይሄው ውጅግራ ከግድግዳ ወርዷል። በአምስቱ ዓመት አርበኛ ይዞት ዱር ገብቷል። ከዚያ ደግሞ ሠርግ ላይ ተተኩሷል፣ ልቅሶ ላይ ተተኩሷል፣ ጅብ ተባሮበታል። የጠመንጃህ ዕድሜ ረጅሙ ክፍል ምናልባት ማሳ ጥበቃ ነው። እኔ ለዚህ ክብር የምነሳ ሰው ነኝ፤ ገበያው ግን አይነሳም።

ምናልባት ከጠመንጃው ይልቅ ጥይቱን መፈለግ ይሻልሃል። ዓድዋን በተመለከተ አይደለም፤ ስለ ኑሮ ነው የምለው። የግራ ጥይት አገራችን ውስጥ ገንዘብ ነበር። ከማሪያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋር አብሮ ገበያ ይወጣ ነበር። ጥይት ሰጥተህ ዶሮ ትገዛለህ። ባዶ ቀለህም አይጣልም ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ጠላት ላይ በተኮሰ ቁጥር ከኪሱ ዝርዝር እየወረወረ ነው። የአያቶቻችን «አንድ ጥይት ለአንድ ሰው» የምትል ኩራት ከየት እንደመጣች ያኔ ይገባሃል።

ወደ ፊደሉ ልግባ። ሦስት ፊደል፣ መስቀል፣ ፬፻፲፪። ሻጭህ ምናልባት «የንጉሡ ማኅተም» ብሎህ ይሆናል። የመንግሥት ማኅተም ብዙ ጊዜ ብረት ላይ ነው የሚመታው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የገቡት ቤልጅጎች አንበሳው ብረቱ ላይ ነው። እንጨት ላይ በቢላ የተቀረጸ ነገር ግን የሰው ነው። ፊደሉ የባለቤቱ ስም መነሻ ሊሆን ይችላል። የአለቃው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የግምጃ ቤት ተራ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ መስቀሉ ደግሞ ባለቤቱ ክርስቲያን መሆኑን እንጂ ሌላ አይነግርህም። ከሦስት ፊደል ተነስተህ ራስ እገሌ ዘንድ አትድረስ። ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ አይቻለሁ፤ መንገዱ አጭር ነው።

መጀመሪያ ግን ቅርጹ ራሱ እውነተኛ ነው ወይ? ይሄንን ቤትህ ሆነህ ማየት ትችላለህ። ማታ መብራት አጥፋ። የስልክህን ባትሪ ሰደፉ ላይ በጎን አጋድመው፣ ብርሃኑ እንጨቱን ልሶ እንዲያልፍ። በአጉሊ መነጽር የፊደሉን ጠርዝ እይ። የድሮ ቅርጽ ጠርዙ በእጅና በትከሻ ተሽቶ ለስልሷል። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ላብ፣ ጭስ፣ ቅባትና አቧራ አንድ ላይ ረግተውበታል። አዲስ ቅርጽ ጠርዙ ጣትን ይይዛል። ውስጡ ነጣ ያለ ነው፣ ወይም ቡና የተቀባ ይመስል አንድ ዓይነት ቀለም አለው። ደግሞ የሰደፉን ጭረቶች ተከተል። አሮጌ ጭረት ፊደሉን አቋርጦ ካለፈ ፊደሉ ቀድሞ ነበር። ፊደሉ ጭረቱን ከቆረጠው ፊደሉ በኋላ መጥቷል። ይሄን ለማወቅ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ትዕግሥት ብቻ።

ከዚያ ስስ ወረቀት ፊደሉ ላይ አስቀምጥና በእርሳስ አሸው፤ የጥይቱን እርሳስ አይደለም፣ የመጻፊያውን። ፊደሉ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፎቶ የማያሳየውን ወረቀት ያሳያል። ሁለት አድርግ፤ አንዱን ለራስህ፣ አንዱን ለእኔ።

ስለ ቆዳው። በጣም የምለምንህ እዚህ ላይ ነው። ያ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም። ጠፍር ነው። የሰደፉ አንገት የጠመንጃ ሁሉ ደካማ ቦታ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ወይም በሰደፍ ሲማታ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ነው። ጠጋኙ ጥሬ ቆዳ በውሃ ያርሳል። እርጥብ ሆኖ ሳለ ጠበቅ አድርጎ ይጠቀልልና ጫፉን ይሰፋዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ጨምቆ ይይዘዋል። ሙጫ የለ፣ ብሎን የለ፣ ሰማንያ ዓመት ይይዛል። ስፌቱን ጠጋ ብለህ ብታይ ምናልባት ጠፍሩን የሰፋው ሰው ወስፌውን በግራ ወይም በቀኝ እንደያዘ ታውቃለህ። ፈረንሳዮቹ የሠሩት ጠመንጃ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነው። ይህ ጠፍር ግን አንድ ነው። ያንተን ውጅግራ የአገራችን የሚያደርገው ፊደሉ ብቻ ሳይሆን እሱ ነው። ስለዚህ አይፈታም። ውሃ እንዳይነካው፤ ይለሰልስና ይለቃል። ዘይትም አትቀባው። ትንንሽ ቀዳዳ ወይም ዱቄት ካየህ ተባይ ገብቷል ማለት ነውና ንገረኝ።

የተቀረው እንክብካቤ ቀላል ነው። በነጭ የጥጥ ጨርቅ ብረቱን ጠረግ አድርገው። ጨርቁ ቀይ ዱቄት ይዞ ከመጣ ዝገቱ ሕያው ነው። ጥቁርና ቡናማ ሆኖ ከረጋ እሱ የብረቱ ቆዳ ነው፤ ተወው። ቀዩን ዝገት ስስ ዘይት አድርግበት፣ አሳድረው፣ በጨርቅ ጥረገው። ካስፈለገ በቀርከሃ ስንጥር ቀስ ብለህ ፋቀው። የሽቦ ብሩሽ አይነካውም። ስትጨርስ በሙዚየም የሚሠራበትን ሰም በጣም ስስ አድርገህ ቀባና አብሰው። እንጨቱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረግ። የተልባ ዘይት ቀባ የሚልህ ይኖራል። ድሮ እኔም እል ነበር። እያደር ይጠቁራል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይጠራል። በሞራ መወልወል ደግሞ የአያቶቻችን ዘዴ ነው፤ በየቀኑ ለሚተኮስ መሣሪያ ሠርቷል። ለሚቀመጥ መሣሪያ ግን ሞራው ይኮመጥጥና ናስ ካለበት አረንጓዴ ያደርገዋል። በቆዳ አፎት ውስጥም አታስቀምጠው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ አሲድም አለው። እጅህ ላይ ጓንት አድርግ፣ ላብ ጨው ነውና። የቤትህ እርጥበት ከ50 በመቶ እንዳያልፍ ሞክር። በቃ። ከዚህ በላይ ከወለወልከው ጠመንጃውን ሳይሆን ራስህን እያስደሰትክ ነው።

ወደ ጎጃም መውሰድ? ሻንጣ ውስጥ አስገብቼ፣ አሮጌ ነው ብዬ አልፋለሁ እንዳትል። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ ማስገባት ወንጀል ነው። ጉምሩክ ላይ ያለው ልጅ 1874ን አይጠይቅህም፤ ቃታ እንዳለው ነው የሚያየው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ይለዋል፤ የተለመደው ቁጥጥር አይመለከተውም። የክፍለ ሀገርህን ሕግ ግን ለብቻው ጠይቅ። የተሠራበትን ዓመት ፈልግ ያልኩህም ለዚህ ጭምር ነው። ይገርማል አይደል፤ በቅሎ ተጭኖ በረሃ አቋርጦ የገባ ጠመንጃ፣ በመርከብ ወጥቶ፣ አሁን በአውሮፕላን መመለሻ አጣ። ለአባትህ ፎቶውንና በእርሳስ ያነሳኸውን ወረቀት ላክላቸው። ስልክ ደውልና «አያቴ ምን ነበራቸው?» በላቸው። ሲያወሩ ቅዳ። አሁኑኑ፣ በዚህ ሳምንት።

አሁን ማንን ልጠይቅ ወዳልከው ልምጣ።

ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ ጉለሌ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ ስድስት ሰባት ሰው ይሰበሰብ ነበር። ጡረተኛ ወታደር፣ አንድ አንጥረኛ፣ አንድ የታሪክ አስተማሪ፣ እኔ። ቡና ይፈላል። አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመጣል። እሳቸው መጀመሪያ አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰደፉን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። አንድ ቀን «ይሄን የተሸከመው ግራኝ ሰው ነው» አሉ። እንዴት ስንላቸው ጣታችንን ይዘው የተበላውን ቦታ አስነኩን። ጉንጭ የሚያርፍበት በኩል፣ ሊበላ በማይገባው ወገን፣ እንጨቱ ጎድጎድ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሰደፍ ሳይ መጀመሪያ የማየው እዚያን ነው።

ሦስት ደብተር ነበራቸው። በየሰደፉ ላይ ያዩትን ፊደል ሁሉ ይመዘግባሉ። የትኛው ፊደል የማን ቤት እንደሆነ፣ ማን እንደነገራቸው፣ የት አገር እንዳዩት። ለማንም አያውሱም። «ስሞት ትወስዳለህ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም መቼ ይሞታሉ ብዬ። ያረፉ ጊዜ እኔ ለሥራ ወጣ ብዬ ነበር። ለአርባቸው ደረስኩ። ልጃቸው ቤት አጽድታለች። ደብተሮቹ ጥግ ካለችው ሱቅ ሄደዋል፤ ባለሱቁ ቅጠል ቅጠላቸውን እየቀደደ በርበሬና ቆሎ ይጠቀልልባቸዋል። እየሮጥኩ ሄድኩ። አራት ቅጠል አገኘሁ። አንደኛው ላይ የበርበሬ ቅባት ነበረበት፤ ዛሬም ይሸታል። እሷን አልወቅሳትም። እኔ ነኝ ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር አንድ ገጽ መገልበጥ የነበረብኝ።

ቡናውም ቀረ። በረንዳው የሳቸው ነበርና። አንጥረኛው ከአስተማሪው ጋር እሳቸው ሳይኖሩ የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ያንን ነው አንተም «ተበተንን» ያልከው።

ስለዚህ የሜሪላንዱ አባት ቤት ዛሬውኑ ደውል። ቤተሰቡን አጽናና። ከዚያ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ካሴት፣ ደብተር ተርፎ እንደሆነ ጠይቅ። «ቆሻሻ ነው» ካሉህ «ቆሻሻውን እኔ ልጣልላችሁ» በል። ቤታቸው ይመጡ ከነበሩት መካከል ስልካቸው ያለህን ቁጠር። ሦስት ይበቃል። እያንዳንዱ ያለውን ጠመንጃ ከግራም ከቀኝም፣ ፊደሉን በጎን ብርሃን፣ የብረቱን ጽሑፍ ቀረብ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። ከማን እንደገዛው፣ ሻጩ ምን እንዳለው፣ ውሸት ቢመስልም ይጻፍ። ውሸቱም ያስፈልጋል፤ በኋላ ከየት እንደተነሳ የሚታወቀው ሲጻፍ ነው። አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡት። አንድ በረንዳ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ሰው ላይ የተሰበሰበ ነገር አብሮ ነው የሚሄደው። አንዱ ቅጂ እኔ ዘንድ ይሁን፣ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይድረስ፤ እዚያ ያሉት ወረቀት መጠበቅ ሥራቸው ነው።

የላክኸው ፎቶ ላይ ሁለተኛው ፊደል አልታይ ብሎኛል፤ «ወ» ይሁን «መ» መለየት አልቻልኩም። ካሉኝ አራት ቅጠሎች አንዱ ላይ ከመስቀል ጋር የተመዘገቡ አሥራ አንድ ምልክቶች አሉ። በእርሳስ ያሸኸውን ወረቀት በፖስታ ላክልኝ፤ ጎን ለጎን አስተያየዋለሁ። ካልገጠመም አልገጠመም እልሃለሁ። እስከዚያ ጠፍሩን እንዳትነካው።